«በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ነጥብ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በአንድ ድርጅት ቢሮ የሕንፃ ፕላን ስካን ተደረገ። ፕላኑ ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፏል፦ 14.13፣ 21.11 እና 17.42። ማሽኑ ወረቀቱን አንብቦ ፋይል አወጣ። ፋይሉ ሲከፈት ሦስቱም ክፍሎች 14.13 ካሬ ሜትር ሆነዋል። ሥዕሉ ላይ ግን ክፍሎቹ በዓይን ይበላለጣሉ።

ቁጥሮቹ ደብዝዘው ወይም ተቆራርጠው ቢሆን ኖሮ ማንም አይደነግጥም ነበር። ደብዛዛ ቁጥር ያየ ሰው ይጠራጠራል፤ ተነሥቶ ዋናውን ወረቀት ያያል። እዚህ ግን የተሳሳተው ቁጥር ጥርት ብሎ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው የፊደል ቅርጽ ተቀምጧል። ድርጅቱ ነገሩን ለዴቪድ ክሪዜል ነገረው። ክሪዜል ያኔ በቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ማሽኖቹ ዜሮክስ ዎርክሴንተር 7535 እና 7556 የተባሉት ነበሩ። እየደጋገመ ሲሞክር ሌላም አገኘ፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ በተደረደረ የወጪ ሰንጠረዥ ውስጥ 65 የነበረው 85 ሆኖ ወጣ። ተራው ባይዛባ ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

የመጀመሪያው ግምት ማሽኑ ፊደል ለማንበብ ሞክሮ ተሳሳተ የሚል ነው። ነገር ግን ማሽኑ ምንም እንዲያነብ አልታዘዘም። የታዘዘው የወረቀቱን ምስል እንዲያነሣና ፋይሉን አሳንሶ እንዲያስቀምጥ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የተፈጸመው በማሳነሱ ላይ ነው፤ ማለትም ጥቁርና ነጭ ነጥቦችን ከአንድ ዓይነት አቀማመጥ ወደ ሌላ በመቀየሩ ላይ። ይህን ሥራ ብዙዎቻችን የፋይል ስም መጨረሻ እንደ መለወጥ ቀላል አድርገን እናየዋለን። በተለይ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ቀላል አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። የጥቁርና ነጭ ምስል ፋይል ስንል አሮጌ ፎቶግራፍ ማለታችን አይደለም። ፎቶግራፉ በጥቁርና በነጭ መካከል ብዙ ግራጫ አለው። እዚህ የምናወራው ግራጫ ስለሌለው ምስል ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ቀለም ነው ወይ ወረቀት፣ ወይ 1 ነው ወይ 0። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲነበብ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ከ8.6 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። በሙሉ ቀለም ቢቀመጥ 26 ሜጋባይት፣ በግራጫ 8.7 ሜጋባይት፣ በጥቁርና ነጭ ደግሞ ወደ 1.1 ሜጋባይት ይወስዳል። ይህም በደንብ ከተጨመቀ ተራ የደብዳቤ ገጽ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ባይት ውስጥ ይገባል። ሚሊዮን ገጽ ላለው መዝገብ ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፋይል እስከ ዛሬ ያልሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

የጭመቃው ጥበብ የመጣው ከፋክስ ነው። የፋክስ ማሽን አንድን የኤ4 መስመር በ1728 ነጥብ ይከፍለዋል። በተለመደው የጥራት ደረጃ አንድ ገጽ ወደ 1143 መስመር ያህል ስለሚኖረው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ ይሆናል። በሰከንድ 9600 ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ መስመር አንዱን ገጽ እንዳለ መላክ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር፤ የዓለም አቀፍ ጥሪ ሒሳብ በየደቂቃው በሚቆጠርበት ዘመን ማንም አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ1980 የጸደቀው ግሩፕ 3 የተባለው ደንብ መፍትሔው ነጥቦቹን አንድ በአንድ መላክ ሳይሆን ርዝመታቸውን መናገር ነው አለ፤ «ይህን ያህል ነጭ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል ጥቁር»። ብዙ ጊዜ ለሚያጋጥሙ ርዝመቶች አጭር ኮድ፣ ለብርቅዬዎቹ ረጅም ኮድ ተሰጣቸው። ሁለት ጥቁር ነጥብ ሲከታተሉ 11 ተብሎ በሁለት ቢት ይላካል። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ የ1728 ነጥብ መስመር በ17 ቢት ያልቃል።

በ1984 የመጣው ግሩፕ 4 ደግሞ መስመሩን በራሱ ከመንገር ይልቅ ከበላዩ ካለው መስመር የተለየበትን ብቻ ይናገራል። ባዶ መስመር ከባዶ መስመር በታች ሲመጣ የሚጻፈው አንዲት ቢት ናት፤ 1728 ነጥብ በአንድ ቢት። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስረዳው ከልቤ ተደስቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቁጠባው ግን ዋጋ አለው። እያንዳንዱ መስመር በፊተኛው ላይ ስለሚደገፍ በፋይሉ መካከል አንዲት ቢት ከተበላሸች ከዚያ በታች ያለው ገጽ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል። ግሩፕ 3 በየመስመሩ መጨረሻ ምልክት ስለሚያኖር ከጉዳቱ ይነሣል፤ ግሩፕ 4 አይነሣም። ለዚህ ነው ግሩፕ 4ን ለመዝገብ የሚጠቀም ሁሉ ከአንድ በላይ ቅጂ ሊኖረው የሚገባው።

ኮዶቹ ከየት መጡ? የደንቡ አዘጋጆች ስምንት የናሙና ገጾች መርጠው ነበር፤ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ፣ የኤሌክትሪክ ንድፍ፣ የፈረንሳይኛ ደረሰኝ፣ ጥቅጥቅ ያለ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ፣ ቀመርና ሥዕል ያለበት ገጽ፣ ግራፍ፣ በጃፓን ፊደል የተሞላ ገጽና የእጅ ጽሑፍ። የትኛው ርዝመት አጭር ኮድ ይገባዋል የሚለው ከእነዚህ ተቆጥሮ ተወሰነ። የእኛ ፊደል አልነበረበትም። ፋክሱ ግን አላዳላብንም፤ ፊደል ስለማያውቅ የግዕዙንም የላቲኑንም ነጥብ እንዳለ ያደርሳል። የኢትዮጵያ ፊደል የኮምፒውተር ፊደሎች የጋራ ኮድ ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሲወጣ፣ በፋክስ የተላከ አማርኛ ግን አማርኛ ሆኖ ይደርስ ነበር።

በ1980ዎቹ ችግሩ የፎርማት ብዛት ሆነ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሠሪ ጥቁርና ነጭ ምስልን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። የአፕል ማክፔይንት በ1984 ሲወጣ ገጹ ሁልጊዜ 576 በ720 ነጥብ ነበር። ኤክስ ዊንዶው የተባለው የስክሪን መስኮት ሥርዓት የራሱን ኤክስቢኤም አመጣ፤ ይህ ምስሉ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ሆኖ የሚቀመጥበት እንግዳ ፎርማት ነው። ሰን ለምልክቶቹ፣ አታሪ ለሥዕሎቹ፣ የፋክስ ካርዶች ለገጾቻቸው፣ የማተሚያ ማሽኖች ለየራሳቸው የየግል አጻጻፍ ነበራቸው። ሃያ ፎርማት ቢኖር ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ በቀጥታ የሚለውጥ ፕሮግራም ለመጻፍ 380 ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ጄፍ ፖስካንዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ይህን ቋጠሮ የፈታው አንድ እጅግ ቀላል ፎርማት መሐል ላይ በማስቀመጥ ነው። አሥር ቋንቋ የሚናገሩ ነጋዴዎች አንድ የገበያ ቋንቋ ካላቸው እርስ በርስ አስተርጓሚ እንደማይፈልጉ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ፎርማት ወደ መሐለኛው መግቢያና ከመሐለኛው መውጫ ብቻ ቢኖረው ይበቃል፤ 380ው ወደ 40 ይወርዳል። መሐለኛው ፒቢኤም ተባለ። ምስሉ በተራ ፊደልና ቁጥር ስለሚጻፍ ያኔ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳልፈው ኢሜይል ውስጥ ሳይበላሽ ያልፍ ነበር። ፕሮግራሞቹ በኋላ ኔትፒቢኤም በሚል ስም ተሰብስበው ዛሬም ድረስ ይሠራሉ፤ ከፋክስ ወደ ፒቢኤም፣ ከማክፔይንት ወደ ፒቢኤም፣ ከፒቢኤም ወደ ኤክስቢኤም እያሉ ዘመናቸው ያለፈባቸውን ማሽኖች ፋይሎች ሳይቀር ይከፍታሉ። አንድ ተቋም የሠራው ማሽን ሲሞት የተጻፈበት ፎርማት አብሮ እንዳይሞት ያደረጉ ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለዋል ብዬ አምናለሁ።

የፒቢኤም ውበት ፋይሉን ከፍቶ በዓይን ማየት መቻሉ ነው። መግቢያው ላይ የፎርማቱ ምልክት፣ የምስሉ ወርድና ቁመት ይጻፋል፤ ከዚያ 0 እና 1 ብቻ። 1 ቀለም ነው፣ 0 ወረቀት። 8 በ7 በሆነ ትንሽ ሰሌዳ ላይ «በ»ን ብንስል እንዲህ ይመጣል፦

01111100
11000110
10000010
10000010
10000010
10000010
10000010

«ቡ» ደግሞ እንዲህ፦

01111100
11000110
10000010
10000011
10000010
10000010
10000010

ልዩነቱን ለማግኘት አራተኛውን መስመር ማየት ያስፈልጋል። ከ56 ነጥቦች የተለወጠችው አንዷ ብቻ ናት። ይህ ሰሌዳ በጣም ትንሽ ስለሆነ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 8 ነጥብ የሚያህል ትንሽ ኅትመት በኢንች 200 ሲነበብ ፊደሉ የሚያርፈው 22 ነጥብ በሚሆን ቁመት ውስጥ ነው፤ ካዕቡን ከግዕዙ የምትለየው ጭረት ደግሞ ከዚያ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ትሆናለች። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ከ»ን ከ«ኸ» የሚለየውም አናት ላይ የሚጨመር ቀጭን መስመር ነው። የእኛ ፊደል ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ግንዱ ይጸናል፣ ድምፁን የሚለውጠው ትንሹ ቅጥያ ነው።

ከፎርማት ወደ ፎርማት ሲኬድ በምን በምን መንገድ እንደሚሳሳት ይህ ሰሌዳ ያሳየናል። አንደኛው ስህተት ቀለምና ወረቀት መገለባበጡ ነው። በፒቢኤም 1 ጥቁር ሲሆን በግራጫ ፎርማቶች 0 ጥቁር ነው። ቲፍ የተባለው የምስል ፎርማት ደግሞ ሁለቱንም ይፈቅድና ፋይሉ ውስጥ በተጻፈ ምልክት የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ምልክቱን ያላነበበ ፕሮግራም ገጹን ሙሉ ጥቁር አድርጎ ጽሑፉን ነጭ ያደርገዋል። ይህ ጮኾ የሚናገር ስህተት ስለሆነ አያሳስበኝም፤ የከፈተው ሁሉ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል።

የቢት ቅደም ተከተል ትንሽ ይከፋል። ስምንት ነጥብ ተሰብስቦ አንድ ባይት ሲሆን አንዳንዱ ፎርማት የግራውን ነጥብ በትልቁ ቢት ያስቀምጣል፣ ኤክስቢኤም ደግሞ በትንሹ። ሳይታወቅ ከተምታታ እያንዳንዱ የስምንት ነጥብ ቁራጭ በራሱ ውስጥ ይገለበጣል። ከላይ ያለችው የ«ቡ» አራተኛ መስመር 10000011 የነበረችው 11000001 ትሆናለች፤ ጭረቷ ከቀኝ ወደ ግራ ትዞርና በፊደል ገበታ ላይ የሌለ ቅርጽ ይወጣል። በሙሉ ገጽ ላይ ሲሆን ጽሑፉ በቀጫጭኑ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላል።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው፤ እሱን በደንብ ያየሁት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያዎቹ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በፋይል ተሞልተዋል። አንድ ወጣት ባለሙያ በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጡ የፋክስ ፋይሎችን ወደ አዲስ ፎርማት እየለወጠ ነበር። አጠገቡ ክፍሉን ለረጅም ዘመን የያዙት እናት ተቀምጠው የወጣውን ገጽ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ። አንዱን ገጽ እንዳዩ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ማኅተም የኛ አይደለም።»

«የእናንተው ነው እትዬ፤ ቁጥሩም ይኸው፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው።»

«የኛ ማኅተም ክብ ነው። ይኼ ሞላላ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ፋክስ በተለመደው ደረጃ ወርዱን በኢንች 204፣ ቁመቱን በ98 ነጥብ ነው የሚያነበው። ነጥቡ እኩል ጎን የለውም፤ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። ይህ ልክ በፋክሱ ደንብ ውስጥ ተወስኗል። ፒቢኤም ግን ወርድና ቁመት በነጥብ ከመቁጠር በቀር ነጥቡ በወረቀት ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ማኅተም ወደ 321 በ154 ነጥብ ይሆንና ነጥቡን እኩል ጎን አድርጎ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ተጨፍልቆ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ መድገም። ከፋክስ ወደ ፒቢኤም የሚለውጠው ፕሮግራም ይህን የሚያደርግ ምርጫ አለው። ወጣቱ ምርጫውን አስገብቶ ሲደግመው ማኅተሙ ክብ ሆነ። ምስሉ ላይ ከክቡ ማኅተም የተሻለ መለኪያ አይገኝም ነበር፤ ፊደል ሲጨፈለቅ የተለየ አጣጣል ሊመስል ይችላል፣ ክብ ሲጨፈለቅ ግን ወዲያው ይታወቃል።

እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ከባድ ጉዳይ ነበር። ከፋክሶቹ ሌላ በወረቀት ያሉ ደብዳቤዎች እንደ አዲስ ስካን ይደረጉ ነበር። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በጥቁር ታይፕ ይጻፋል፤ ከሥሩ ፊርማ፣ ቲተርና ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ማኅተም ይደራረቡበታል። ሦስቱ በቀለም ስለሚለያዩ ዓይን ያለ ችግር ይነጥላቸዋል። ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጡ ግን ማሽኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ «ከዚህ በላይ የጠቆረ ቀለም ነው፣ ከዚህ በታች ወረቀት ነው» የሚል አንድ ድንበር ያበጃል። ድንበሩ ወደ ላይ ከሄደ የደበዘዘው ማኅተም ይጠፋል፤ ወደ ታች ከወረደ ማኅተም፣ ፊርማና ቲተር አንድ ጥቁር ክምር ይሆናሉ፣ የፈረመው ማን እንደሆነም አይነበብም። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 ድንበሩን ከገጹ የጥቁረት ስርጭት አስልቶ የሚመርጥ ዘዴ አሳተመ፤ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። ይሁንና እሱም ለገጹ ሁሉ አንድ ድንበር ነው የሚሰጠው። ጠርዙ የጠየመ፣ መሐሉ የነጣ ወረቀት በየቦታው የሚለያይ ድንበር ይፈልጋል፤ ይህን የሚያደርጉ ኋላ የመጡ ዘዴዎች አሉ።

ከዚህ ውሳኔ ወዲያ መመለሻ የለም። አንድ ነጥብ አንዴ 0 ከተባለች በኋላ ቀድሞ ግራጫ ትሁን ሰማያዊ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በጥቁርና ነጭ ፎርማቶች መካከል የሚደረግ ዝውውር በትክክል ከተሠራ ምንም አያጎድልም፤ ወደ ጥቁርና ነጭ የሚደረገው የመጀመሪያው ዝውውር ግን ሁልጊዜ ያጎድላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለማንኛውም የሰነድ ክፍል ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የስካነሩ ማዘዣ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ የሚያጠፋ ምርጫ ነበረ፤ ሲገዛ ጀምሮ እንደበራ ነው። አቧራ ገጹ ላይ ሲያርፍ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ይተዋል፤ ፕሮግራሙ ከሌላ ጥቁር ጋር ያልተያያዘ ትንሽ ጥቁር ሲያገኝ ወረቀት ነው ብሎ ይሰርዘዋል። በላቲን ፊደል ይህ ብዙ ጊዜ የሚነካው በ«i» አናት ላይ ያለችውን ነጥብና የዓረፍተ ነገር መዝጊያን ነው። በእኛ አሮጌ ደብዳቤ ግን ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው፤ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው አራት ነጥብ። አንዱ የሁለት ነጥብ ክፍል በኢንች 100 አካባቢ ሲነበብ ሁለት ፒክስል እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለፕሮግራሙ አቧራ ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ ታይፕ ብዙ ፊደላትን ግንዱን በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት ስለሚያሟላ፣ ቅጥያው ከግንዱ በጥቂቱ ተነጥሎ ያረፈበት ደብዳቤ ይገኛል፤ ያም ጭረት ከአቧራው ጋር ሊጠረግ ይችላል፣ ካዕቡም ግዕዝ ሆኖ ይቀራል። ወጣቱ ምርጫውን አጠፋው። አቧራው በገጹ ላይ ቀረ፤ ቃላቱም ተለያይተው ቀሩ። እኔ ብሆንም ይህንኑ አደርግ ነበር።

ከደብዳቤ አልፈን ወደ ብራና ብንሄድ ነገሩ ይብሳል። በግዕዝ መጻሕፍት ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም። የምዕራፍ መጀመሪያ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፤ በነጥቦቹና በቁጥሮቹ ላይም ቀይና ጥቁር ይፈራረቃሉ። ቀይ ወደ ግራጫ ሲለወጥ መካከለኛ ጥቁረት ስለሚኖረው ድንበሩ ላይ ይንጠለጠላል። የከፋው ደግሞ በቢሮ ስካነሮች ላይ ያለው ቀይን የመጣል ምርጫ ነው። የቅጽ ሳጥኖች በቀይ ታትመው መልሱ ብቻ እንዲቀር ሲፈለግ፣ ማሽኑ ምስሉን በቀይ ብርሃን ብቻ ያነባል፤ በዚያ ብርሃን ቀይ ቀለም ከወረቀቱ እኩል ይነጣል። ለግብር ቅጽ ጥሩ ነው። በአንድ ተአምረ ማርያም ላይ ቢበራ ግን የእመቤታችን ስም ባለበት ሁሉ ባዶ ቦታ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አትርፏል። ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግ ዛሬም የጥናቱ መሠረት ነው። ማይክሮፊልም ቀለሙን ቢተውም ግራጫውን ይይዛል፤ ቀዩ ከጥቁሩ ፈዝዞ ስለሚታይ የለመደ ዓይን ይለየዋል። ከዚያ ፊልም የሚወሰድ ምስል ግራጫውን እንደያዘ መቀመጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ግራጫው ወደ 0 እና 1 ቢወርድ፣ ፊልም ያነሡት ሰዎች ያተረፉት የመጨረሻው የቀይ ምልክት ያልቃል። ዋናው ብራና በጦርነትም ሆነ በሌላ ምክንያት ከጠፋ ደግሞ የሚመለስበት የለም።

አሁን ወደ ጀርመኑ ፕላን እንመለስ። ማሽኖቹ የተጠቀሙበት ጄቢግ2 የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀ የጭመቃ ደንብ ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ «ሀ» መቶ ጊዜ ቢገኝ መቶውን ከማስቀመጥ አንዱን ቅርጽ አስቀምጦ ሌሎቹን «ይኸው ቅርጽ፣ በዚህ ቦታ» ብሎ መጥቀስ። ደንቡ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል። አንደኛው ከተጠቀሰው ቅርጽ የሚለዩትን ነጥቦች ጭምር መዝግቦ ገጹን እንዳለ መመለስ ነው፤ ምንም አይጎድልም። ሁለተኛው «ይመሳሰላሉ» የተባሉትን አንድ አድርጎ ልዩነቱን መጣል ነው፤ ፋይሉ ይበልጥ ያንሳል፣ ነገር ግን መመሳሰሉን የሚወስነው ማሽኑ ነው። ትንሽ ፊደል በዝቅተኛ ጥራት ሲነበብ 6 እና 8 የሚለያዩት በጥቂት ነጥብ ነው። ማሽኑ አንድ ናቸው አለ፤ የ8ን ጥርት ያለ ቅርጽ በ6 ቦታ ላይ አኖረ። ስህተቱ ጥርት ያለው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የተቀመጠው ቅርጽ ከዚያው ገጽ የተወሰደ እውነተኛ ፊደል ነው።

ክሪዜል ግኝቱን በኦገስት 2013 ይፋ አደረገ። ኩባንያው በመጀመሪያ ችግሩ የሚታወቅና ዝቅተኛውን የጥራት ምርጫ ብቻ የሚመለከት ነው፣ ለተጠቃሚዎችም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል አለ። ክሪዜል ከፍተኛው ምርጫ ላይም እንደሚከሰት አሳየ። ኩባንያው የሶፍትዌር ስህተት መኖሩን አምኖ ማስተካከያ አወጣ። የጀርመን ፌዴራል የመረጃ ደኅንነት ቢሮም በ2015 ወረቀቱን ተክተው ለሚቀመጡ ስካኖች ጄቢግ2 እንዳይሠራበት መመሪያ ሰጠ።

6 እና 8ን ያምታታ ማሽን «በ» እና «ቡ»ን ምን ያደርጋል? ጄቢግ2 ቅርጾችን የሚለየው እርስ በርስ የተያያዙ ጥቁር ነጥቦችን አንድ ብሎ በመውሰድ ነው። በላቲን ብዙው ፊደል በግንዱ ይለያያል። በግዕዝ ፊደል ግን ሰባቱ የአንድ ቤት ፊደሎች ግንዳቸው ተመሳሳይ ሆኖ በትንሽ ቅጥያ ብቻ ይለያያሉ፤ ቅጥያው ከግንዱ ጋር ስለተያያዘም አብሮ እንደ አንድ ቅርጽ ይወሰዳል። ከላይ ባለው ሰሌዳ ከ56 ነጥብ 55ቱ አንድ ናቸው። «መመሳሰል» በነጥብ ብዛት የሚለካ ከሆነ ሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው ማለት ነው። «ሰማ» «ሸማ» ቢሆን አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይነቃል። በውል ላይ «ቤት» «ቤቱ»፣ «ሰጠ» «ሰጡ» ቢሆን ግን ዐረፍተ ነገሩ ስህተት ሳይመስል ያልፋል። ቅርጻቸው የተቀራረበው ፮ እና ፯ በቀን ወይም በገንዘብ ላይ ቢለዋወጡም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል በፋክሱ ደንብ አዘጋጆች ናሙና ውስጥ እንኳ እንዳልነበረ አይተናል፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የእኛ ነው፤ ሌላ ማንም አይፈትሽልንም።

መፈተሹ ደግሞ ከባድ አይደለም። ለጥቁርና ነጭ ፋይሎች ዝውውር ዋናውንም የተለወጠውንም መልሶ ወደ ፒቢኤም ማምጣትና ነጥብ በነጥብ መቀናነስ ይበቃል፤ ውጤቱ ሁሉ 0 ካልሆነ አንድ ነገር ተነክቷል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያየሁት ወጣት ይህን በየፋይሉ የሚያደርግ አጭር ትእዛዝ ጽፎ ነበር፤ ልዩነት ያመጣውን ገጽ ለብቻው ያወጣና ለእትዬ ያቀርባል፣ እሳቸው ከወረቀቱ ጋር ያያሉ። ቲፍ ውስጥ የተቀመጠ ግሩፕ 4 ይህን ፈተና ያልፋል፤ ምንም የማያጎድለው የጄቢግ2 መንገድም ያልፋል።

አዲስ ስካነር ሲገዛ ግን የሚቀናነስ ዋና ፋይል ስለሌለ ሌላ ፈተና ያስፈልጋል። 231ዱ ፊደሎችና የግዕዝ ቁጥሮች በ8 እና በ10 መጠን ተደርድረው፣ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡ ሳይቀር በአንድ ገጽ ላይ ይታተሙ። ገጹ በእያንዳንዱ የጥራትና የጭመቃ ምርጫ፣ በኢንች 200 እና 300፣ ነጠብጣብ ማጥፊያው በርቶም ጠፍቶም ስካን ይደረግ። ከዚያ ፊደል የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቱ እየተከተለ ያንብበው፤ የትኛው ምርጫ ፊደል እንደቀየረም በማሽኑ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። የግዥ ውሉ ላይ ደግሞ ማሽኑ ተመሳሳይ ቅርጾችን የሚተካ ጭመቃ የሚጠቀም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ።